ሠሪና አሠሪ፦ ምርትን በውል የማሠራት ጥቅም በታሪክ ሚዛን



ዛሬ የማቀርበው ንግግር ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። አንድ ድርጅት የራሱን ፋብሪካ ከመትከል ይልቅ ምርቱን በውል ለሌላ አምራች ሰጥቶ ሲያሠራ ምን ይጠቀማል? የተለመደው መልስ «ወጪው ይቀንስለታል» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ወጪው በምን መንገድ እንደሚቀንስና ጥቅሙ በምን ላይ እንደሚቆም አይነግረንም። ይህን ለማየት ወደ ታሪክ መሄድ ይኖርብናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ልማዱ እንግዳ አይደለም። በሀገራችን የቤት እመቤት ጥጡን ዳምጣና ነድፋ፣ ፈትሉን ፈትላ፣ ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ትሰጥ ነበር፤ ሸማኔውም ጋቢውን ወይም ኩታውን ሠርቶ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ክሩ የእርሷ፣ መሣሪያውና ጥበቡ የእርሱ ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጋቢ ለምታሠራ እመቤት የሽመና ዕቃ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው። ሸማኔው ግን ለብዙ ቤት ስለሚሠራ ዕቃው ሥራ አይፈታም፤ እጁም ከቀን ወደ ቀን ይሰላል። የውል አምራች ጥቅም ዋናው ምሥጢር በዚህ ቀላል ምሳሌ ውስጥ አለ።

ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት የእንግሊዝ የሱፍ ነጋዴዎችም በዚሁ መንገድ ይሠሩ ነበር። ሱፉን ለገጠር ፈታዮችና ሸማኔዎች ያከፋፍላሉ፤ የተሠራውን ሰብስበው ይሸጣሉ። ነጋዴው ሕንፃ አይሠራም፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ትእዛዙን ይቀንሳል፤ የሥራ ማጣቱ ሸክም በሠራተኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል ከዐይኑ በራቀ ቤት የሚሠራውን ሥራ መቆጣጠር ይቸግረዋል። የክር ስርቆት የዘወትር አቤቱታ ከመሆኑ የተነሣ፣ በ1777 የዎርስቴድ ሱፍ ሥራን የሚከታተሉ ተቆጣጣሪዎች የሚሾሙበት ሕግ እስከ መውጣት ተደረሰ። እንግዲህ በውል የማሠራት ደካማ ጎን ገና ከጥንቱ የታወቀ ነበር፤ እርሱም የመተማመን ጉዳይ ነው።

ይህን ችግር በዘመናችን በጉልህ የፈታው የታይዋን የቺፕ ኢንዱስትሪ ነው። የቺፕ ፋብሪካ ከአቧራ የጸዳ ክፍልና እጅግ ውድ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ወጪውን ለመመለስም ሌሊትና ቀን መሥራት አለበት። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አዲስ የቺፕ ንድፍ ያለው ሰው ምርጫው ጠባብ ነበር፦ ወይ የራሱን ፋብሪካ ይተክላል፤ ወይም ባለፋብሪካ ከሆነ ተፎካካሪ ትርፍ ጊዜ ይለምናል። ተፎካካሪው ደግሞ የራሱን ምርት ያስቀድማል፤ የደንበኛውንም ንድፍ ያያል።

በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ለ25 ዓመታት የሠራው ሞሪስ ቻንግ በ1985 የታይዋንን የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም እንዲመራ ተጋበዘ። በ1987 ዓ.ም. በመንግሥት ገንዘብና በኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ድርሻ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ባለሀብት እንዲሆኑ የተጠየቁት ኢንቴልና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ አልተቀበሉትም። የኩባንያው መርሕ አጭር ነበር፦ በራሱ ስም የሚሸጥ ቺፕ አይኖረውም፤ የሰውን ንድፍ ብቻ ያመርታል።

ከዚህ መርሕ ለአሠሪው ሦስት ጥቅሞች ተገኙ። አንደኛው የካፒታል ነው። በ1993 የተመሠረተው ኤንቪዲያ ፋብሪካ ሳይኖረው ገንዘቡንና ጉልበቱን በንድፍ ላይ ማዋል ቻለ። ሁለተኛው የወጪና የልምድ መጋራት ነው። የመሣሪያው ዋጋ ለብዙ ደንበኞች ይከፋፈላል፤ ከአንዱ ሥራ የተገኘው ትምህርትም ለሌላው ይተርፋል። ቀድሞ በፋብሪካዎቹ ይኮራ የነበረው ኤ.ኤም.ዲ. እንኳ በ2009 ፋብሪካዎቹን ለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረጋቸው። ሦስተኛውና በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅም እምነት ነው። አፕል የስልኮቹን ቺፖች የሚያሠራው በስልክ ገበያ ተፎካካሪው በሆነው ሳምሰንግ ነበር፤ ከ2011 ጀምሮ ግን ሁለቱ በፍርድ ቤት ይካሰሱ ጀመር። በ2014 የወጣው የአይፎን 6 ቺፕ በታይዋኑ ኩባንያ ተመረተ።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልመጣም። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ የመኪና አምራቾች የቺፕ ትእዛዛቸውን ሰረዙ፤ ገበያው ሲመለስ ተራቸው በሌሎች ተይዞ ቆያቸው። በ2021 በቺፕ እጦት የቆሙ የመኪና ፋብሪካዎች ጥቂት አልነበሩም። በሰው ፋብሪካ የሚያሠራ ሰው ተራውን ከለቀቀ መልሶ የሚያገኘው በፋብሪካው ባለቤት ፈቃድ ነው። ከዚህም ሌላ ዕውቀት የሚሠራውን እጅ ይከተላል። ታይዋን በ1976 አር.ሲ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተዋውላ መሐንዲሶቿን ለሥልጠና ልካለች። የ1987ቱ ኩባንያ ከመመሥረቱ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ የመማር ዘመን ነበር ማለት ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከተናል፤ በውል አምራችነት ዓለም ውስጥ ያለነው በሠሪው ወገን ነውና። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተገነባው የውጭ ብራንዶችን ልብስ እየሰፋ ለመላክ ነበር። በኅዳር 2021 ግዙፉ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. በዚያ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በጥር 2022 ደግሞ አጎዋ የተባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ለኢትዮጵያ ተቋረጠ። መንሥኤው ጦርነትና ፖለቲካ ቢሆንም፣ ጉዳዩ የውል አምራችን አቋም ያሳያል። በርካሽ ጉልበት ብቻ የቀረበ ሠሪ በቀላሉ ይተካል፤ አሠሪው የሌለውን ጥበብ የያዘ ሠሪ ግን በቀላሉ አይተውም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ የውል አምራችነትን ጥቅም ስታጠኑ የአሠሪውን የሒሳብ መዝገብ ብቻ አትመልከቱ። በየውሉ ጀርባ ማን ምን እንደተማረም ጠይቁ። ሸማኔው ለዘመናት ተፈላጊ ሆኖ የኖረው እመቤቲቱ የማታውቀውን በማወቁ ነው። ሀገራችን ከምትፈርማቸው ውሎች ምን ዓይነት ጥበብ እንደምታተርፍ መመርመር የእናንተ ትውልድ የጥናት ሥራ ነው።