«መብራት ሄደ» ብለን ስንቀመጥ



በቅርቡ እኛ ሰፈር፣ እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ከበረዶ ጋር መጣ። ሩብ ሰዓት እንኳን አልቆየም፤ መብራቱ ግን ወዲያው ሄደ። «ይመጣል» ብለን ሻማ ለኮስን። በማግስቱም የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ ሊጣቸው የኮመጠጠባቸው አንዲት እናት ደጅ ወጥተው «ለመሆኑ የደወለ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ዝም። ለካ እያንዳንዳችን ሌላው ደውሏል ብለን ነው የተቀመጥነው፤ እኔ መምህሩም ጭምር! የባሰው ደግሞ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ዳር አንድ ሽቦ ተበጥሶ ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እያየነው ዞር ብለን አለፍን። አምላክ ጠበቀን እንጂ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ታሪክ አስተማሪ ነኝና ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ አሰብኩት።

የኤሌክትሪክ መብራት አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ የሚበራው ቤተ መንግሥቱ ነበር። ቢጠፋም ሞተሩ እዚያው ነው፤ ማንም ለማንም መናገር አያስፈልገውም። ቀጥሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ጣቢያ ተሠራ። በ1948 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ስሙ ተቀየረ፤ በ2006 ዓ.ም ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው የሚለው። በ1952 ዓ.ም በአዋሽ ላይ ቆቃ ሥራ ጀመረ። ግድቦቹ እየበዙ ሲሄዱ ኃይሉ የሚመነጭበትና አምፖሉ የሚበራበት ቦታ ተራራቀ። በመካከሉ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ገባ። ይሄ ሁሉ ደግሞ ሜዳ ላይ፣ ከሰማይ በታች ያለ ነው።

ሰማዩ መብራት የሚያጠፋብን በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዝናብ ሲጠፋ ነው። ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሆነ ግድብ ሲጎድል ፈረቃ ይመጣል። 1995ን እና 2001ን የምታስታውሱ አላችሁ። በግንቦት 2011 ደግሞ የግልገል ጊቤ 3 ውኃ በመቀነሱ አገሪቱ በሙሉ ፈረቃ ገባች። ይሄኛውን እኛ መናገር አያስፈልገንም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያውቀዋል፣ ፕሮግራሙንም ያሳውቀናል።

ሁለተኛው የእኛ ሰፈሩ ዓይነት ነው። ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ይጥላል፣ ሥሩ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ያጋድላል፣ መብረቅ ትራንስፎርመር ይመታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ማከፋፈያ ጣቢያው ላይ ይታወቃል። የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር ፊውዝ ሲቃጠል ወይም ወደ ቤታችን የሚመጣው ሽቦ ሲበጠስ ግን በአብዛኛው ማንም አያይም። ሰው ካልተናገረ መሥሪያ ቤቱ እናንተን መብራት እንዳላችሁ ነው የሚቆጥራችሁ። «ረስተውናል» እያልን የምናማርረው አንዳንዴ ጭራሽ ሳንነግራቸው ነው።

አየሩም እንደዚያው ነው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ራሱን ችሎ የቆመው በ1973 ዓ.ም ነው። በየጣቢያው ያሉ ታዛቢዎች በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የ24 ሰዓቱን ዝናብ ለክተው ይመዘግባሉ። የአገራችን የዝናብ ታሪክ የተጻፈው በእነዚህ ስማቸው በማይጠራ ሰዎች እጅ ነው። በረዶ ግን አንዱን ሰፈር ደብድቦ ጣቢያው ያለበትን ሰፈር ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ የሚያውቀው ከሥሩ የነበረው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ እኛ ሰፈር ተስማምተናል፣ እናንተም አድርጉት። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የጎረቤትን ቤት እዩ፤ የእናንተ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ በሙሉ? ከዚያ 905 ደውሉ። ሰዓቱን፣ የሰፈሩን ስምና በቅርብ ያለ የታወቀ ምልክት ተናገሩ። ነፋስ ነበር ወይ? መብረቅ? የወደቀ ዛፍ አለ? እሱንም ጨምሩ፤ ጠጋኙ መሰላል ይዞ ይምጣ ወይስ መጋዝ የሚያውቀው በዚህ ነው። የወደቀ ሽቦ ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ተናገሩ። መብራት ስለሌለ ሽቦው ሞቷል ብላችሁ እንዳትጠጉ፣ በእንጨትም ቢሆን እንዳትነኩት፤ ሰው እስኪመጣ ልጆች እንዳያልፉ አንድ ሰው ይቁም። የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት ደግሞ ደብተር ላይ ጻፉት። «ሁልጊዜ ይጠፋል» ከማለት «በዚህ ወር ይሄን ያህል ጊዜ፣ በዚህ በዚህ ቀን» ማለት ይሻላል። ክፍል ውስጥ ስነግራችሁ የኖርኩት ይሄንኑ አይደል? ያልተጻፈ ነገር ለመከራከሪያ አይሆንም።

እኛስ? እኚያ እናት በጠየቁ ማታ ደወልን። በማግስቱ ከምሳ በፊት መጥተው ሠሩት። ሁለት ቀን ጨለማ የተቀመጥነው አንድ ስልክ ሳንደውል ቀርተን ነው።

እናንተ ሰፈር ማነው የሚደውለው? እስኪ ጻፉልኝ። መልካም ምሽት።