ክሬይ-1 እና የሽቦው ጣጣ

የክሬይ-1 ኮምፒዩተርን ሥዕል የተመለከተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው በዙሪያው የተዘረጋውን ለስላሳ መቀመጫ ነው። መቀመጫው የኃይል ማቅረቢያዎቹ መሸፈኛ እንደ ነበረ፣ አንድ ወገኑ ክፍት የሆነው ክብ ቅርጽም ለውበት ሲባል ብቻ እንዳልተነደፈ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ቅርጹን የወሰነው ሽቦ ነበረ።

መሐንዲሱ ሲሞር ክሬይ ከዚህ ችግር ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 በሲዲሲ ኩባንያ ሳለ የሠራው 6600 የተባለው ኮምፒዩተር ሽቦዎቹ እንዲያጥሩ በመስቀል ቅርጽ የቆመ ነበረ። ይሁን እንጂ የዚያ መኪና የሰዓት ምት 100 ናኖሴኮንድ ስለ ነበረ ለነዳፊው ፋታ ይሰጥ ነበር። ክሬይ በ1972 የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ በ1976 ለሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ያቀረበው ክሬይ-1 ግን ምቱ 12.5 ናኖሴኮንድ ብቻ ነበረ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ በባዶ ኅዋ የሚጓዘው ከ4 ሜትር ያነሰ ነው፤ በሽቦ የሚሄድ ምልክት ደግሞ ከብርሃንም ይዘገያል። ስለዚህ በሞጁሎች መካከል የሚዘረጋ ሽቦ ከ1.2 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ሞጁሎቹም ሽቧቸውን ወደ ውስጥ አድርገው በክብ ተደረደሩ።

ማሳጠሩ ብቻውን አልበቃም። ከመንገዱ ጫፍ የደረሰ ምልክት የሚቀበለው ሬዚስተር ካላገኘ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ተከታዩን ምልክት ያውካል። በመሆኑም እያንዳንዱ ምልክት በተገመደ ጥንድ ሽቦ ተጉዞ በተመጠነ ሬዚስተር እንዲያበቃ ተደረገ። ምልክቶቹ በጊዜያቸው ይደርሱ ዘንድ ሽቦዎቹ በታወቀ ርዝመት እየተቆረጡ በሰው እጅ ይታሰሩ ነበር፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ከሽመና የማይተናነስ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የኃይሉ ጉዳይ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰርኪዩቶች ባንድ ቅጽበት ሲለዋወጡ ከኃይል ማቅረቢያው የሚስቡት ኮረንቲ ድንገት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ቮልቴጁም አብሮ ሲናወጥ ትክክለኛው ምልክት እንደ ስሕተት ሊነበብ ይችላል። በክሬይ-1 እያንዳንዱ በር ውጤቱንና የውጤቱን ተቃራኒ ባንድነት ያወጣል። ተቃራኒው ተፈላጊ ባልሆነበት ስፍራ እንኳ በሬዚስተር እንዲያከትም ስለ ተደረገ፣ አንዱ ወገን ኮረንቲ ሲተው ሌላው ያነሣዋል። ከዚህም የተነሣ መኪናው ቢሠራም ቢፈታም በኃይል ማቅረቢያው ላይ ያለው ሸክም አንድ ዓይነት ሆነ። የ5.2 እና የ2 ቮልት ኔጌቲቭ ኃይል የሚሰጡት ማቅረቢያዎች የራሳቸው መቆጣጠሪያ ሳይኖራቸው በሞተር-ጄኔሬተሩ መረጋጋት ብቻ ለመሥራት የቻሉት በዚህ ነው።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። መኪናው ወደ 115 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ይበላ ነበር፤ ሙቀቱን ለማስወገድም ፍሪዮን በየሞጁሉ ጎን እንዲዘዋወር ማድረግ ግድ ሆነ። ቆጣቢ መሐንዲስ ይህን ብክነት ይለው ይሆናል። ነገር ግን ክሬይ በሙቀቱ የገዛው ጸጥታን ነበር፤ ግዥውም የሚያስቆጭ አልነበረም።

ኋላ ሲሞስ የተባለው የትራንዚስተር ሥርዓት ገበያውን ሲይዝ ይህ ጸጥታ ጠፋ። ሲሞስ ብዙውን ኮረንቲ የሚስበው ሲለዋወጥ ብቻ ነውና ሥራ ሲፈታ ይቆጥባል፤ ሲነሣ ግን ባንድ ጊዜ ይጠይቃል። በዛሬው ጊዜ ከ1 ቮልት ባነሰ ግፊት ከ100 አምፔር በላይ የሚስብ ቺፕ የተሸከመ ሰሌዳ የሚነድፍ ባለሙያ፣ ክሬይ በሬዚስተር የዘጋውን ቀዳዳ በቺፑ ዙሪያ በሚደረድራቸው ብዙ ካፓሲተሮችና በሰሌዳው ውስጥ በሚያነጥፋቸው የመዳብ ንጣፎች ይደፍናል።