የካሎሪ መግለጫ
የካሎሪ መግለጫ የታሸገ ምግብ የሚሰጠውን የኃይል መጠን የሚያሳይ፣ በማሸጊያው ላይ የሚታተም ጽሑፍ ነው። ስሌቱ አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባወጣው ቀመር ላይ ይቆማል፦ 1 ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4፣ 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ። ቀመሩ አማካይ ግምት ነው፤ የአሜሪካ ደንብም ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ብልጫን ይታገሣል። ምቾቱ ግን አያጠያይቅም፤ በ100 ግራም 450 ኪሎ ካሎሪ የተጻፈበት የ50 ግራም ብስኩት 225 መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ቄራ ሰፈር ሥጋ ቤቶች በኪሎ የሚሸጠው ሥጋ መግለጫ የለውም፤ ቀዩና ጮማው በኃይል መጠን እጅግ ስለሚለያዩ ሚዛን ብቻውን አይበቃም። ለእንዲህ ያለው ምግብ፣ ለእንጀራም ጭምር፣ መነሻ የሚሆነው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው የኢትዮጵያ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ነው።