ስለ አንበጣ በላተኞች

የግሪኩ ጸሐፊ አጋታርኪደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር በጻፈው መጽሐፍ፣ ግሪኮች በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ብለው በሚጠሩት ሰፊ ምድር፣ በበረሃው ዳር ይኖሩ ስለ ነበሩ አንበጣ በላተኞች ተርኮ ነበር። መጽሐፉ ሙሉውን ባይተርፍም ታሪኩን ዲዮዶሮስ ዘሲሲልያ አቆይቶልናል። እነዚህ ሰዎች ከብት የላቸውም፤ ከባሕርም ርቀው ስለሚኖሩ ዓሣ አያገኙም። ወቅቱን ጠብቆ የሚነሣው ነፋስ የአንበጣውን መንጋ እየነዳ ሲያመጣ፣ አስቀድመው በሸለቆ ውስጥ የከመሩትን እንጨት ይለኩሱታል፤ በጢሱ ታፍኖ የሚወድቀውንም ሰብስበው በጨው እያሹ ለስንቅ ያስቀምጡታል። ጸሐፊው አክሎም ሰዎቹ ከ40 ዓመት በላይ እንደማይኖሩና ከገላቸው ክንፍ ያለው ቅማል ወጥቶ እንደሚገድላቸው ይናገራል። ቅማሉን ለተረት እንተወው፤ በአንድ ምግብ ብቻ የሚኖር ሕዝብ ዕድሜው ያጥራል መባሉ ግን ፈጽሞ የሚናቅ አይመስለንም።

አንበጣ በዕድሜው ሁሉ አንድ ዓይነት ምግብ አይደለምና። ከእንቁላሉ የሚወጣው ኩብኩባ ክንፍ የለውም፤ አምስት ጊዜ ያህል ቆዳውን እየጣለ ያድጋል። ክንፍ ያወጣውና ቀለሙ ገና ቀላ ያለው ወጣት አንበጣ ለጉዞ የሚሆነውን ቅባት በሰውነቱ ያከማቻል። የደረቀ አንበጣ ከክብደቱ እኩሌታ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው፤ ቅባቱ ግን እንደ ዕድሜውና እንደ መንገዱ ርዝመት ይለያያል፣ በረራ ያቃጥለዋልና። ስለዚህ ነፋስ ከሩቅ ያመጣላቸው አንበጣ ጮማው የተሟጠጠ ሊሆን ይችል ነበር ብለን እንገምታለን። እነዚያ ሰዎች የመጣላቸውን እንጂ የመረጡትን አልበሉም።

መምረጥ የቻሉት ግን ልዩነቱን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁት ነበር። በኩዌት እንቁላል የተሸከመችው ሴት አንበጣ «መክን» ተብላ ከወንዱ ይልቅ ትወደድ ነበር።

በእኛ አገር አንበጣ ሲነሣ የሚታወሰው የበላው እህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ያጠፋው 167,000 ቶን እንደ ሆነ፣ ይህም ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው የዓመት ቀለብ ይበቃ እንደ ነበር ተጽፎ እናገኛለን። በ2012 ዓ.ም. መንጋው ሲመለስ ከምድርም ከአየርም መድኃኒት ተረጨበት። መድኃኒት የነካው አንበጣ፣ ኩብኩባም ሆነ ባለ ክንፍ፣ ፕሮቲኑ ምንም ያህል ቢበዛ ለሚበላው አደገኛ ነው፤ በጢስ የሞተውንና በመድኃኒት የሞተውንም ዐይን አይለየውም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ርጭት ከተደረገበት ስፍራ የተለቀመ አንበጣ እንዳይበላ የሚመክረው ስለዚህ ነው።