የኡሻክ ምንጣፍ በደላንታ ሜዳ

አማርኛ ለመኝታና ለወለል ልብስ ያበጃቸው ስሞች ብዙ ናቸው፤ ሰሌን፣ ቁርበት፣ ጀንዲ፣ አጎዛ፣ ባና፣ ዝተት፣ ምንጣፍ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያቆመኝ ግን «ስጋጃ» የሚለው ነው። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛው «ሰጃዳ» ሲሆን ሰጋጅ ግንባሩን የሚያሳርፍበት ጨርቅ ማለት ነው። ግእዝ «ሰገደ» ይላል፤ ዐረብኛ «ሰጀደ» ይላል፤ ስግደትም፣ መስጊድም፣ ስጋጃም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። እኛ ወሎዬዎች ሁለቱንም ሃይማኖት በአንድ ቤት ውስጥ እያየን ስላደግን ነገሩ ብዙ አይገርመን ይሆናል። ቢሆንም የቤተ ክርስቲያናችን ወለል የለበሰው ጨርቅ ስሙን ከመስጊድ ጨርቅ መዋሱን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ዛሬ በወልድያም ሆነ በመርሳ በሱቅ ደጃፍ ተጠቅልሎ የሚቆመው ስጋጃ «የቱርክ ምንጣፍ» ይባላል። የቱርክ የማሽን ምንጣፍ ዋና መናኸሪያ ጋዚአንቴፕ የምትባል ከተማ ናት፤ ክሩም አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ጀርባ ሳይሆን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው። እኔ በባንክ መስኮት ኋላ የምውል ሰው ነኝና፣ ልጁን የሚድር አባት ከቁጠባው ገንዘብ ሲያወጣ «ለምንጣፍ ነው» ሲል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ታዲያ ይህ የቱርክ ምንጣፍ ለወሎ ምድር የትናንት እንግዳ የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ከወልድያ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ላይ፣ የቱርክ ምንጣፍ በሜዳ ተዘርግቶ በጨረታ ተሽጧል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግሥት፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በመቅደላ አምባ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የትምህርት ቤት መጽሐፋችን በአንድ አረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ የእንግሊዝ ወታደር አምባውን በዘበዘ። ብዝበዛው ግን የራሱ ሥርዓት ነበረው። ወታደሮቹ ያነሡትን ሁሉ እንዲያስረክቡ ታዘዘ፤ ዕቃው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ ደላንታ ሜዳ ላይ ወጣ፤ በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ጨረታ ተካሄደ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። ጠቅላላ ገቢው 5,000 ፓውንድ ያህል ሆነ፤ ለተራው ወታደር ሲከፋፈል ለነፍስ ወከፍ ከ4 ብር ጥቂት የሚበልጥ ደረሰ። ሂሳብ የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ድምር ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። የአንድ መንግሥት ግምጃ ቤት ተሽጦ ለአንዱ ወታደር የደረሰው 4 ብር!

ከሠራዊቱ ጋር የኒውዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ የመጣው ሄንሪ ስታንሌይ በ1874 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የተዘረፈውን ዕቃ በረጅሙ ይዘረዝራል። መስቀሉን፣ ጽናሐውን፣ ድንኳኑን፣ የአንበሳ ለምዱን ይቆጥርና ምንጣፎቹ ላይ ሲደርስ የትውልድ አገራቸውን በስም ይጠራል። የፋርስ፣ የኡሻክ፣ የቡርሳ፣ የእንግሊዙ ኪደርሚንስተር፣ የፈረንሳዩ ሊዮን። ኡሻክና ቡርሳ ሁለቱም የአናቶልያ ከተሞች ናቸው። የኡሻክ ምንጣፍ በየፈትሉ ላይ እየተቋጠረ የሚሠራ፣ ጠጉሩ የቆመ ነው፤ በሱልጣኖች ቤተ መንግሥትና በታላላቅ መስጊዶች ይነጠፍ ነበር፤ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮም የጣሊያን ሠዓሊዎች በሥዕላቸው ውስጥ በጠረጴዛ ላይና በዙፋን ሥር ያኖሩት ነበር። ምጽዋ ከ1557 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የዑስማን ቱርኮች ወደብ እንደነበረች የሚያስታውስ ሰው፣ ከኢዝሚርና ከካይሮ የተነሣ ጥቅል በምን በር ወደ ደጋችን እንደሚወጣ መገመት አያቅተውም።

በዚያው ክምር ውስጥ የእኛው ሥራ የሆነ፣ ከኡሻክ የማያንስ ሽመና ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ላይ የተሠራ የሐር መጋረጃ ነው፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ፣ ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ወንድሙ የሆነ ሌላ መጋረጃ ደግሞ በካናዳ፣ በቶሮንቶው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። አሠራሩ ድንቅ ነው። ሸማኔው መርገጫ አይረግጥም፤ ድሩ ማዕዘናቸው በተበሱ እጅግ ብዙ ትንንሽ ገበታዎች ውስጥ ያልፋል፤ ገበታዎቹ በዞሩ ቁጥር ድሩ ይገለባበጣል፤ ማጉም በመካከል ይገባል። በዚህ ዘዴ ንጉሥና ንግሥት፣ ካህናትና ጠመንጃ የያዙ ጭፍሮች በሐሩ ላይ ወጥተዋል፤ ሊቃውንቱ ንጉሡን በካፋ፣ ንግሥቲቱን ምንትዋብ ናቸው ይላሉ። በዓለም ላይ በዚህ ዘዴ ከተሠሩ ጨርቆች መካከል እንዲህ ያለ ግዙፍ እምብዛም አይታወቅም። ከየጁ፣ ማለትም ከዚሁ ከእኛ አገር የወጡ መሳፍንት ጎንደርን ሰባ ዓመት ያህል ሲገዙ መጋረጃዎቹ እዚያው ነበሩ፤ የየጁን ዘመን አልፈው ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት በ1859 ዓ.ም. እስኪያራቁቱ ድረስ ቆይተዋል። ዘራፊው የባዕድ ሰው ብቻ እንዳልነበር ይህችን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይሆንም።

ስለ መጋረጃው ብዙ ተጽፏል። ስለ ኡሻክም በየቋንቋው መጻሕፍት ሞልተዋል። በስታንሌይ ዝርዝር ውስጥ የማላገኘው ባናን ነው።

ባና የደጋ ሰው ልብስ ነው። በመንዝ፣ በዋድላ፣ በመቄት፣ በደላንታ የሚረባው በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ይሸለታል፣ ይፍታታል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ አስገብቶ ይሸምነዋል። ቀለም አይነካውም፤ ጥቁሩ የጥቁር በግ ነው፣ ነጩም የነጭ። ከሸማኔው ዕቃ ጠባብ ሆኖ ስለሚወጣ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ። ቀን ይደረባል፣ ሌሊት ይለበሳል፣ እንግዳ ሲመጣ መደብ ላይ ይነጠፋል፣ ዝናብ ሲያገኘው ውሃውን ቶሎ አያስገባም። የናፒየር ሠራዊት ወደ መቅደላ ሲወጣ ያለፈው በዋድላ በኩል ነው፤ ባና የለበሰ ገበሬ በየመንገዱ ዳር ቆሞ እንዳየው አልጠራጠርም። ያን ልብስ ለጨረታ የሚያቀርብ፣ ለሙዚየም የሚመርጥ፣ በማስታወሻው የሚያሰፍር ግን አልነበረም። እርግጥ እኛስ? ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ሸክላ ሠሪን መሳደብ ልማዳችን ሆኖ ኖሮ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ እስኪከለክሉ ደረስን፤ ከዐዋጁም በኋላ ስድቡ ቶሎ አልጠፋም።

እዚህ ላይ የቱርኮቹን ሌላ ሽመና ማንሣት ይገባል። ኪሊም ይባላል። እንደ ኡሻክ ጠጉር የለውም፣ ቋጠሮ የለውም፤ ድርና ማግ ብቻ ነው። ማጉ እየተጠቀጠቀ ድሩን ፈጽሞ ይሸፍነዋል፤ አንዱ ቀለም ከሌላው በሚገናኝበት ቦታ ማጎቹ ስለማይያያዙ ቀጭን ስንጥቅ ይቀራል። ሸማኔዋ ስንጥቁ ረዝሞ ጨርቁ እንዳይላላ ቀለሙን ደረጃ በደረጃ ታገድመዋለች፤ የኪሊም ቅርጽ ሁሉ መሰላልና መንጠቆ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። ዘላኖቹ የሚሸምኑበት ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በሁለት ግማሽ ይሠራና መሐሉ ላይ ይሰፋል፤ ሁለቱ ግማሾች በትክክል አይገጥሙም። የድንኳን ሴቶች ለጥሎሽ፣ ለእህል ጆንያ፣ ለመሶብ ያህል የሚሠሩት ነበርና የከተማ ነጋዴ ዋጋ አይሰጠውም ነበር፤ ወደ አውሮፓ የሚላከው ውድ ምንጣፍ በኪሊም ይጠቀለል እንደነበር ይነገራል። መጠቅለያው ዛሬ በለንደንና በኢስታንቡል በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል፤ ያ ያልገጠመው ስፌት የጥንታዊነቱ ምልክት ነው እየተባለ ዋጋ ይጨምርለታል።

ከጥፋት ያዳነው ደግሞ የምእመናን ልማድ ነው። አናቶልያ ውስጥ ሟችን በኪሊም ሸፍነው ወደ መስጊድ ይወስዱታል፤ ኪሊሙም ለነፍሱ ወቅፍ ሆኖ እዚያው ይቀራል። አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ሲነጠፍ፣ በላይ ያለው ሲያልቅ የታችኛው ይጠበቃል። በ1228 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረው የዲቭሪይ ታላቅ መስጊድ ወለል በዚህ መንገድ የብዙ ዘመን ሽመና ሲያከማች ኖሮ፣ ኋላ ተነሥቶ ኢስታንቡል ወደሚገኘው የወቅፍ ሙዚየም ገብቷል።

የእኛም ሰው ይሳላል። ልጁ ከሕመም የተነሣችለት እናት ለታቦቱ መጋረጃ ወይም ስጋጃ ታገባለች፤ ለመስጊድም ምንጣፍ የሚያመጣ አለ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ወለል በየዘመኑ በገባ ስለት ተሸፍኗል፤ ቱሪስቱ ስለ ቁንጫው እንጂ ስለ ምንጣፉ ሲናገር አልሰማሁም። አሮጌው ስጋጃ ሲያረጅ ግን አንጠብቀውም። አዲሱ የጋዚአንቴፕ ሲመጣ አሮጌው ወደ ዕቃ ቤት ወይም ለደጀ ሰላም ነዳያን ይሄዳል። ለነዳያን መስጠቱን አልነቅፍም። ከመሰጠቱ በፊት ማን ሠራው፣ መቼ ገባ ብሎ በአንድ መስመር መመዝገብ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

በባና ላይ ያለው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ በየገበያው ተሠራጨ፤ ቀጥሎ ቀለማሙ የውጭ አገር ብርድ ልብስ መጣ፤ ዛሬ ከመቄትና ከዋድላ ለገበያ የሚወርደው ወጣት ጃኬት ለብሶ ነው። ጃኬቱ ቀላል ነው፣ ይሞቃል፣ ርካሽ ነው። ባና ካልለበስክ ብዬ ማንንም አልወቅስም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ከተማይቱ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በዚያው ሁኔታ ቆየች። እኛ ከስደት ስንመለስ ከቤታችን ቴሌቪዥኑ፣ ዱቄቱና በእህቴ ሠርግ የገዛነው የቱርክ ምንጣፍ አልነበሩም። ጓዳ ውስጥ፣ ባዶው ጎታ ላይ፣ የአያቴ ባና እንደተጣጠፈ ተቀምጧል። ዘርጋ ተደርጎ ታይቷል፤ መታጠፊያው ተለውጦ ነበር። አይተው ትተውታል።

አያቴ የዋድላ ሰው ነበሩ፤ ባናውን ለጋብቻቸው እናታቸው ፈትለው ያሸመኑላቸው ነው። በእሑድ ቀን መደብ ላይ ዘርግቼ በክንድ ለካሁትና እንደ ባንክ መዝገብ አሰፈርሁት፦ ርዝመት 6 ክንድ። ወርድ 3 ክንድ ከስንዝር። አራት ቁራጭ፣ በጥቁር የበግ ጠጉር ክር የተሰፋ። ሦስቱ ቁራጭ ጥቁር፤ አራተኛው ቡናማ፣ ጥቁሩ በግ ስላልበቃ። አንድ ጠርዙ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠለው ቀዳዳ፣ በነጭ ክር የተጠቀመ። ዋጋ የሚለውን ዐምድ ባዶ ተውሁት።