ሁለት ጊዜ የተከፈለበት ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ተጠይቀን ነበር። ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ጻፉ። እኔ ግን የመረጥሁት ስለ ሕንፃ ነው፤ ይኸውም የአንድ ትምህርት ቤት ጣውላው፣ መስኮቱና ጥቁር ሰሌዳው በማን ገንዘብ እንደሚገዛ ነው። ነገሩ ደረቅ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ይህን እንድመርጥ ያደረገኝ በቤታችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ደረሰኝ ነው። አባቴ በመንደራችን ለሚሠራ የመማሪያ ክፍል መዋጮ የከፈሉበት ነው። አባቴ ግብራቸውንም በየዓመቱ ይከፍላሉ። ልጅ ሳለሁ «አባባ፣ ግብር ከከፈሉ በኋላ ደግሞ ለምን ያዋጣሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ባላዋጣ አንተ የት ትቀመጥ ነበር?» ብለው መለሱልኝ። መልሱ እውነት ነው፤ ጥያቄዬን ግን አልዘጋውም። በኋላ በቤተ መጻሕፍት ስለ አሜሪካ ደቡብ ክፍል ሳነብ፣ ያንኑ ጥያቄ ለመጠየቅ ከማንም የበለጠ ምክንያት የነበረውን ሕዝብ አገኘሁ። የምጽፈውም የእርሱን ታሪክ ነው። ዓመታቱ፣ ስለ አገራችን ከምጠቅሰው ከአንዱ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ማዕከላዊው መንግሥት አይደለም። ሥልጣኑ የየክፍለ ግዛቱ ሲሆን፣ የዕለት ተዕለቱ ሥራ በየአውራጃው ወይም በየወረዳው ላለ የትምህርት ቦርድ የተተወ ነው። ቦርዱ የመምህራንን ደመወዝ ከዓመቱ ገቢ ይከፍላል። አዲስ ሕንፃ ለማሠራት ግን የዓመቱ ገቢ ስለማይበቃው፣ ብዙውን ጊዜ ሕዝቡ በድምፅ ሲፈቅድለት ቦንድ በሚባል የብድር ወረቀት ይበደርና ዕዳውን በመሬትና በቤት ላይ ከሚጣለው ግብር ቀስ በቀስ ይከፍላል። በእኔ አስተያየት ይህ ብልኅነት ያለበት ሥርዓት ነው፤ ሕንፃው አርባ ዓመት የሚያገለግል ከሆነ፣ ዋጋውን የዛሬ ወላጆች ብቻቸውን ሊሸከሙት አይገባምና። ነገር ግን ሥርዓቱ በሙሉ የቆመው በድምፅ ላይ ነው። ድምፅ የሌለው ሰው ግብሩን ይከፍላል እንጂ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም።

የአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ሕዝብ የነበረበት ሁኔታ ይህ ነበር። አላባማ በ1901 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ማንበብን በሚፈትን፣ ንብረትን በሚጠይቅና ለመምረጥ ብቻ የሚከፈል ግብር በሚጥል ደንብ ጥቁሮችን ከምርጫ አራቀቻቸው። ሌሎቹም የደቡብ ክፍላተ ግዛት ይህን የመሰለ ሕግ ነበራቸው። በትምህርት ቦርዶቹ ላይ ነጮች ብቻ ስለ ተቀመጡ፣ ከሁሉም የተሰበሰበው ግብር በብዛት ለነጮች ልጆች ይውል ነበር። የጥቁሮቹ ልጆች የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን፣ በአሮጌ ጎጆ ወይም ሰው በለቀቀው ቤት ነበር፤ ያውም ከጥጥ ሥራ በተረፉት ጥቂት ወራት ብቻ። ወላጆቻቸውም አብዛኞቹ በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ እኩል አራሾች ነበሩ።

በዚህ መካከል ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንደኛው በ1856 በቨርጂኒያ በባርነት የተወለደውና በ1881 በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት ያቋቋመው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ነው። ሁለተኛው ከጀርመን አገር ከመጡ አይሁድ ወላጆች በ1862 በኢሊኖይ የተወለደው ጁልየስ ሮዘንዋልድ ሲሆን፣ ዕቃን በፖስታ እያዘዘ ለሚገዛው ባላገር የሚልክ የሲርስ ሮበክ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር። ሮዘንዋልድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ አልጨረሰም፤ ይህን የምጽፈው የፈተና ወቅት የቀረባቸው ጓደኞቼ እንዳይሰነፉበት እየፈራሁ ነው። በ1911 በቺካጎ ተዋወቁ። በ1912 ሮዘንዋልድ ሃምሳኛ ዓመት ልደቱን ሲያከብር ካደላቸው ስጦታዎች መካከል 25,000 ዶላር ለተስኪጊ ነበር። ዋሽንግተንም ከዚያ ጥቂቱ በተስኪጊ አካባቢ በገጠር ስድስት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች እንዲሠራበት ለመነው።

ከነዚህ የመጀመሪያው በ1913 ሎቻፖካ በምትባል መንደር ተሠርቶ አለቀ። ሒሳቡ ተጽፎ ስለ ቆየ እንደ ወረደ አቀርበዋለሁ። ጠቅላላ ወጪው 942 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ከዚህ ውስጥ 300 ዶላር ሮዘንዋልድ ሰጠ፤ 360 ዶላር በአካባቢው ያሉ ነጮች ሰጡ፤ ጥቁሮቹ 150 ዶላር በጥሬ ገንዘብ፣ የ132 ዶላር ከ50 ሳንቲም ግምት ያለው ደግሞ በጉልበት አዋጡ። ልብ በሉ፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ግብር ሰብሳቢው አውራጃ የለም።

ዕቅዱ ግን እንዲህ ሆኖ አልቀረም። በ1914 ሮዘንዋልድ ለመቶ ትምህርት ቤቶች የሚሆን 30,000 ዶላር ሰጠ፤ ዋሽንግተን በ1915 ከሞተም በኋላ ሥራው ቀጠለ፤ በ1917 በሮዘንዋልድ ስም የሚጠራ ድርጅት ተቋቋመ። የድርጅቱ ደንብ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ ሕዝቡ አስቀድሞ በገንዘብ፣ በዕቃ ወይም በጉልበት ድርሻውን ያቅርብ፤ አውራጃውም ከግብሩ ይጨምር፤ ይህ ሲሆን ድርጅቱ የራሱን ያክላል። መሬቱና ሕንፃው ግን በሕዝቡም በድርጅቱም ስም አይሆንም፤ ለመንግሥቱ የትምህርት ቦርድ በውል ይተላለፋል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። ቦርዱ ባለቤት ከሆነ በኋላ «ይህ ትምህርት ቤት አይመለከተኝም» ለማለት ይቸግረዋል፤ መምህር መቅጠርና ጣራ ማደስ የእርሱ ግዴታ ይሆናልና። ምጽዋት የነበረው ነገር የሕዝብ ትምህርት ቤት የሆነው በዚህ ነው። ይህ ደንብ በኋላ ምን እንዳስከተለ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ስለ ሕንፃዎቹም ጥቂት ልናገር፤ ገንዘብ ከተገኘ ሁሉ ነገር ያለቀ የሚመስላቸው ሰዎች አሉና። የመጀመሪያዎቹን ንድፎች ያወጡት የተስኪጊ ሰዎች ነበሩ፤ ከነርሱም አንዱ በ1892 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመመረቅ ከጥቁሮች የመጀመሪያ የሆነው ሮበርት ቴይለር ነው። ይሁን እንጂ በ1919 ፍሌቸር ድረስለር የሚባል የትምህርት ቤት ሕንፃ ዐዋቂ ተልኮ ብዙዎቹን ሲመረምር፣ በንድፉ መሠረት ያልተሠሩ፣ ጥራታቸው የወረደና ብርሃናቸው መጥፎ የሆኑ አገኘ። ንድፍ በወረቀት ላይ ቢያምርም የመንደሩ አናጢ እንደ ለመደው ይሠራ ነበር ማለት ነው። ድርጅቱ ነቀፌታውን ተቀብሎ በ1920 ሥራውን ወደ ናሽቪል አዛወረና ሳሙኤል ስሚዝ የሚባል ሰው ሾመበት።

ስሚዝ ያዘጋጃቸው ንድፎች በ1924 በአንድ መጽሐፍ ታትመው ወጡ። መብራት በሌለበት ገጠር የሚሠራ ትምህርት ቤት መብራቱ ፀሐይ ስለ ሆነች፣ ረጃጅም መስኮቶች ተደርድረው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እንዲያዩ ታዘዘ፤ ዴስኮቹም ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ ሆነው ተቀመጡ፤ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ልጅ የእጁ ጥላ በደብተሩ ላይ እንዳይወድቅበት ነው። መንገዱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያልፍ ችግር እንዳይሆን፣ አንዳንዱ ንድፍ ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ብቻ፣ አንዳንዱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ብቻ ለሚያደርግ ቦታ ተብሎ ተለይቶ ተሣለ። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ የሚከፈት ስለ ነበረ፣ መንደሩ ስብሰባ ሲኖረው አዳራሽ ይሆናል። ቦታው ከሁለት ኤክር እንዳያንስ ታዘዘ፤ ይህም በእኛ የቀድሞ ልክ የአንድ ጋሻ ሃምሳኛ ያህል ነው። መጸዳጃ ቤት፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ዴስክና ጥቁር ሰሌዳ ሁሉ የግድ ነበሩ። እኔ ራሴ በአንደኛ ደረጃ የተማርሁበት ክፍል አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነበረችው፤ በክረምት ከኋላ የምንቀመጠው ሰሌዳውን በግምት እናነብ ነበር። ስለዚህ የስሚዝን መስኮቶች ሥዕል ሳይ ቅናት ቢይዘኝ አይፈረድብኝም።

ገንዘቡ ከድሃው እንዴት እንደ ተሰበሰበ ደግሞ ይገርማል። ሴቶቹ ምግብ ሠርተው እየሸጡ፣ ዶሮና እንቁላል ወደ ገበያ እያወጡ አጠራቀሙ። በአንዳንድ ስፍራ ገበሬዎቹ ከእርሻቸው አንድ ቁራሽ ለይተው በዚያ የበቀለውን ጥጥ ለትምህርት ቤቱ ሰጡ። ቦሊጂ በምትባል የአላባማ መንደር፣ በባርነት ዘመን የተወለደ አንድ ሽማግሌ በስብሰባው መካከል ተነሥቶ ዕድሜውን በሙሉ ያጠራቀመውን 38 ዶላር ከአሮጌ ከረጢት በጠረጴዛው ላይ እንደ ዘረገፈው በቦታው የነበረ የሥራው ተወካይ ጽፏል። ከሳንቲም እስከ ዶላር የተቀላቀለ ዝርዝር ገንዘብ ነበር። የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ታሪክ በልጅነታችን የተማርን ሁሉ ይህን ስናነብ ሌላ ምሳሌ አንፈልግም።

ግንባታው በ1932፣ ሮዘንዋልድ በሞተበት ዓመት፣ ሲቆም በዐሥራ አምስት ክፍላተ ግዛት 4,977 ትምህርት ቤቶች፣ 217 የመምህራን ቤቶችና 163 የእጅ ሥራ ሕንፃዎች ተሠርተው ነበር። ጠቅላላ ወጪው ከ28 ሚሊዮን 400 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 64 ያህሉ ከግብር ተገኘ፤ የሮዘንዋልድ ድርጅት ከመቶ 15 ሰጠ፤ ነጮች በግላቸው ከመቶ 4 ሰጡ፤ ጥቁሮቹ ከመቶ 17 ያህል፣ ማለት ከ4 ሚሊዮን 700 ሺህ ዶላር በላይ አዋጡ። ሕንፃዎቹ በባለጸጋው ስም ሲጠሩ ይኖራሉ፤ እኩል አራሾቹ ግን ከባለጸጋው ይልቅ የበዛ ሰጥተዋል።

እንግዲህ ይህ ሥራ ፍትሕ ነው ወይስ አይደለም? ጄምስ አንደርሰን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን «ድርብ ግብር» ብሎታል። ሕዝቡ እንደ ማንኛውም ሰው ግብር ከፈለ፤ ግብሩ ለሌላው ልጆች ስለ ዋለበት የራሱን ልጆች ለማስተማር ደግሞ አዋጣ። ይህን ፍርድ ማስተባበል አይቻልም። ነገር ግን ዝም ብለው ቦርዱ እስኪራራ ይጠብቁ ነበር የሚል ሰው ካለ፣ የሎቻፖካን ሒሳብ እንደገና ይመልከት፤ በ1913 አውራጃው ምንም አልሰጠም፤ በጠቅላላው ሒሳብ ግን የግብሩ ድርሻ ከሁሉ በላይ ሆኗል። የድሃው መዋጮ የሚያሳፍር መልስ ያጣለትን ቦርድ ኪሱን እንዲፈታ አድርጎታል። የተበደለው ሰው የበዳዩን ዕዳ ከፊሉን ከፍሎ ቀሪውን አስከፈለው እላለሁ።

በአገራችንም በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር ዐዋጅ፣ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በመለየት ለጠቅላይ ግዛቶች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሆን ግብር ጥሎ ነበር። እኔን የማረከኝ ስሙ ነው። ለትምህርት ተብሎ ተለይቶ የተሰበሰበ ገንዘብ፣ ከፋዩ «ትምህርት ቤቱ ወዴት አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስችለዋል። የአላባማው ገበሬ የሚከፍለው ግብር እንዲህ ያለ ስም አልነበረውም፤ ቢኖረውም የሚጠይቅበት ድምፅ አልነበረውም።

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማርን ከልክሎ ፈረደ። ፍርዱ በደቡብ የተፈጸመው ዘግይቶ ነው፤ ሲፈጸም ግን ብዙ ጊዜ የተዘጉት የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የሕንፃዎቹ ባለቤት በውሉ መሠረት ቦርዱ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱን ሸጠው፣ አንዳንዱን አፈረሰው፣ አንዳንዱን ለዝናብና ለምስጥ ተወው። ትምህርት ቤቱን የሕዝብ ያደረገው ያው ወረቀት ከሠሩት ሰዎች እጅ አወጣው።

ከአምስት ሺህ ያህሉ ትምህርት ቤቶች የቀሩት 500 ያህል እንደ ሆኑ ይገመታል። በ2002 የአገሪቱ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ለጥፋት እጅግ ከተጋለጡት ቅርሶች መካከል ቆጠራቸው። ዛሬ በየመንደሩ የቀድሞ ተማሪዎችና ልጆቻቸው እየተሰበሰቡ ጣራውን ይቀይራሉ፤ መስኮቶቹን በቀድሞው ልክ እንደገና ያስገባሉ፤ በአንዳንድ ስፍራም አያቶቻቸው ያሠሩትን ቤት ራሳቸው እንደገና ገዝተውታል። ገንዘቡንም የሚያገኙት ምግብ እየሸጡ፣ ከየቤቱ እያዋጡ ነው፤ ይህ ሦስተኛው ክፍያ መሆኑ ነው።