የጥርስ መቦርቦር ከወላጅ ይወረሳልን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» እንዲሉ፣ የሕፃን ጥርስ ተቦርቡሮ ሲታይ «ይህስ የእናቱ ነው» ብሎ መተው በየቤቱ የተለመደ ነው።

ሊቃውንትም ይህን መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ፣ በሚሺጋን፣ ሐንትና ሆፐርት ጥርሳቸው ቶሎ የሚቦረቦርና የማይቦረቦር አይጦችን ለየብቻ እያራቡ፣ ልዩነቱ በዘር እንደሚተላለፍ ገለጹ።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ፖል ኪዝ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ሌላ ምሥጢር ገለጠ። ሐምስተር ከሚባሉት አይጥ መሰል እንስሳት መካከል ጥርሳቸው ጤነኛ የነበረው፣ ከታመሙት ጋር በአንድነት ሲኖሩ ሕመሙ ተጋባባቸው፤ የታመሙት እናቶች ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው ግን ልጆቻቸው ጥርሳቸው ሳይነካ አደጉ። በዚያ ላይ ዘር መስሎ የታየው ከእናት ወደ ልጅ የሚጋባ ባክቴሪያ ኖሯል።

ይህ ማለት ግን ዘር ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳስረዱት፣ ለሕመሙ መጋለጥም ሆነ ጣፋጭ የመውደድ ዝንባሌ በከፊል ይወረሳሉ። ሆኖም ባክቴሪያው ጥርስን የሚበላውን አሲድ የሚሠራው በተለይ ከስኳር ነው።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፤ የልጃችሁን ጣፋጭ መቀነስ፣ ጥርሱንም በየቀኑ ማጠብ የእናንተ ፈንታ ነው። ዘር ቢስብም ልጓሙ በእጃችሁ ነው።